መሪው ከበሮ የቱ ነው? የድሮ አፍሮ ኩባ ሸክላዎችን ስለማድመጥ የቀረበ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ርዕሳችን የከበሮ ሸክላ ነው። ፒያኖና የትንፋሽ መሣሪያ የሌለበት፣ ቢኖርም ከኋላ የቆመበት፣ ከበሮና ዘፈን ብቻቸውን ሙሉ ሸክላ የያዙበት ሙዚቃ። ከ1947 እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ በኩባዎቹ ከተሞች በሃቫናና በማታንሳስ፣ እንዲሁም በአሜሪካ ከተቀረጹት ጥቂቶቹን አነሣለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህን ሸክላዎች የሚወድ ሰው ለምን እንደሚወዳቸው ሲጠየቅ "ሞቅ ስለሚሉ" ይላል። ይሁን። ነገር ግን ሙቀትና ፍጥነት ቶሎ ይሰለቻሉ፤ እነዚህ ሸክላዎች ደግሞ ሰባ ዓመት ያህል ሆኗቸው ዛሬም ይደመጣሉ። ከሚመቱት አምስት ስድስት ሰዎች አብዛኞቹ አንዳንድ ትንሽ ነገር ይይዙና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይለቁትም። አንዱ ግን ይለቀቃል። የእሱ ነፃነት የሚያምረው ሌሎቹ ስለያዙለት ነው። ያዡንና የተለቀቀውን የሚለይ ጆሮ ሙዚቃው ውስጥ ይገባል፤ የማይለይ ጆሮ ጫጫታ ሰምቶ ይወጣል። ስለዚህ በየሸክላው ላይ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ማን ይዟል፣ ማን ተለቋል?

ከክላቬ ልጀምር። ክላቬ ሁለት አጫጭር ጠንካራ እንጨቶች ናቸው፤ እነሱ የሚመቱት ባለአምስት ምት ሐረግም በዚሁ ስም ይጠራል። አንዱን ዙር ወደ 16 እኩል ትናንሽ ትርታዎች ክፈሉት። እግራችሁ በ1፣ በ5፣ በ9 እና በ13 ላይ መሬት ይምታ። እጃችሁ ደግሞ በ1፣ በ4፣ በ7፣ በ11 እና በ13 ላይ ያጨብጭብ። ይህ የሶን ክላቬ ነው፤ በአብዛኛው የኩባ የዳንስ ሙዚቃ ውስጥ ያለው እሱ ነው። አሁን ሦስተኛዋን ጭብጨባ ብቻ ከ7 ወደ 8 አዘግዩአት። 1፣ 4፣ 8፣ 11፣ 13። የሩምባ ክላቬ ሆነላችሁ። አንዲት ትርታ ብትዘገይ ምን ይመጣል የሚል ካለ፣ ሁለቱን ለአምስት አምስት ደቂቃ አጨብጭቦ ይየው። በሁለተኛው ሰውነት ዘንበል ብሎ፣ የሚወድቅ መስሎ፣ በ11 ላይ ይያዛል።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ደጋግመው ይመጣሉ። አንደኛው፣ ሦስተኛዋን ምት ሲያዘገዩ አራተኛዋም አብራ ትዘገያለች፤ ዙሩ ይረዝማል፣ ፍጥነቱ ይሞታል። መድኃኒቱ እግር ነው። ከአምስቱ ጭብጨባዎች ከእግር ጋር የሚገጥሙት የ1 እና የ13 ብቻ ናቸው፤ 13ኛው ላይ እጅና እግር ካልተገናኙ የሆነ ቦታ ስታችኋል። ሁለተኛው ስሕተት ጎኑን መገልበጥ ነው። ክላቬ ሦስት ምት ያለበት ጎንና ሁለት ምት ያለበት ጎን አለው፤ አንዳንዱ ዜማ ከሁለቱ ጎን ይነሣል። ተገልብጦ የሚያጨበጭብ ሰው ለጊዜው የገጠመ ይመስለዋል፣ ድምፃዊው ሲገባ ግን ነገሩ ሁሉ ይጋጭበታል። ኩባውያን "ክሩሳዶ" ሆነ ይሉታል፣ ተሻገረ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን በመሐል ለማስተካከል አትሞክሩ፤ እጃችሁን ሰብስባችሁ አንድ ሁለት ዙር ስሙና እንደገና ግቡ።

ባለ12 ትርታ የሆነ ዙርም አለ። በእሱ ላይ ብረት በ1፣ 3፣ 5፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ይመታል። ይህኛው ለእኛ ጆሮ ይቀላል፤ ችክችካ በ6/8 የሚጻፍ ስለሆነ፣ ሁለትና ሦስት በአንድ ላይ ሲሄዱ ልጅ ሆነን የለመድነው ነው። ዝምድና አላቸው ማለቴ አይደለም። ጥቅሙ ለማድመጥ ብቻ ነው፤ 4/4 ብቻ ለለመደ ጆሮ ወራት የሚፈጅበትን እኛ ቶሎ እንይዘዋለን።

ወደ ሩምባ ልግባ። በኩባ ባርነት የቀረው በ1886 ነው። ሩምባ ያደገው ከዚያ ወዲህ፣ በሃቫናና በማታንሳስ ወደቦችና በድሆች ግቢዎች ውስጥ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚመታው ሣጥን ነበር፤ ትልቁ የደረቅ ዓሣ ማሸጊያ፣ ትንሹ የሻማ ሣጥን። ከበሮ በባለሥልጣን ዓይን በሚጠረጠርበት ዘመን ሣጥን ማንም አይወርሰውም። ኮንጋ የሚባለው ረጅም ከበሮ የሣጥኑን ቦታ የያዘው በኋላ ነው።

ሦስት ዓይነት ሩምባ አለ። ያምቡ ዝግ ያለው ነው፤ እስከ ዛሬ በሣጥን መምታት ይመርጡለታል። ጉዋጉዋንኮ ፈጠን ይላል፤ ወንድና ሴት ይጨፍሩታል፣ ወንዱ በእጁ ወይም በወገቡ ወደ ሴቷ ድንገተኛ እንቅስቃሴ ይወረውራል፣ እሷም በቀሚሷ ትከላከላለች። ኮሉምቢያ ፈጣኑ ነው፤ በ12 ትርታ ይሄዳል፣ በባህሉ ወንድ ብቻውን ይጨፍረዋል።

ከበሮዎቹም ሦስት ናቸው። ወፍራሙ ቱምባ ወይም ሳሊዶር፣ መካከለኛው ትሬስ ዶስ፣ ቀጭኑ ኪንቶ። ከጎናቸው አንድ ሰው ባዶ የቀርከሃ ግንድ ወይም የእንጨት ቱቦ በሁለት ዱላ ይመታል፤ ካታ ይባላል። ክላቬ፣ ካታ፣ ቱምባና ትሬስ ዶስ ያዦች ናቸው። ቱምባና ትሬስ ዶስ በሁለት ሰው እጅ የተካፈለች አንዲት አጭር ዜማ ይሠራሉ፤ አንዱ ብቻውን ቢመታ ዜማዋ ግማሽ ናት። በማታንሳስ ስልት ከሃቫናው ይልቅ እነዚህ ሁለቱ እርስ በርስ ይነጋገራሉ፤ ያኔም ቢሆን ከቦታቸው ብዙ አይርቁም። የሚለቀቀው ኪንቶ ነው።

ኪንቶም ቢሆን ሕግ አለው፤ ብዙ ጀማሪ የሚወድቀውም በዚህ ነው። ሩምባ ሲጀመር ድምፃዊው ቃል በሌለው ዜማ ይከፍታል፣ ከዚያ ታሪኩን ይዘፍናል። በዚህ ጊዜ ኪንቶ ቁጥብ ነው። በስንኝና በስንኝ መካከል ባለው ክፍተት አንድ ሁለት ምት ይጥላል፣ ዝም ይላል። ተቀባዮቹ ገብተው አውጪና ተቀባይ መመላለስ ሲጀምሩ ጭፈራው ይነሣል፣ ኪንቶውም ያኔ ይለቀቃል። በእውነተኛው ቦታ ላይ ኪንቶ የሚመታው የጨፋሪውን እግር እያየ ነው። ሸክላ ላይ ጨፋሪ አይታይም፤ ስለዚህ የጥሩ ኪንቶ ሸክላ ውስጥ የማይታይ ሰው እንዳለ ይሰማችኋል። ምቱ ድንገት የሚቆረጠው፣ ሳይጠበቅ ሦስቴ የሚደጋገመው ለዚያ ሰው ነው። ገና ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሮ ክፍተቱን ሁሉ የሚሞላ ኪንቶ ከሰማችሁ፣ መቺው ፈጣን እጅ ያለው ግን ሌላውን የማያዳምጥ ሰው ነው።

ይህን ለመስማት ከሎስ ሙኜኪቶስ ዴ ማታንሳስ የሚሻል አላውቅም። በ1952 በማታንሳስ ላ ማሪና ሰፈር ሲመሠረቱ ስማቸው ጉዋጉዋንኮ ማታንሴሮ ነበር። አመሠራረታቸው ሲነገር፣ በአንድ መጠጥ ቤት የአርሴኒዮ ሮድሪጌስ ሸክላ ሲጫወት ጠርሙስና ጠረጴዛ እየመቱ አጅበው ነው ይባላል። በ1950ዎቹ ለፑቺቶ ኩባንያ ከቀረጹት አንዱ ዘፈን ስለ ጋዜጣ ሥዕላዊ ቀልዶች ነበር። ዘፈኑ እጅግ ስለተወደደ ሰው ቡድኑን በዘፈኑ ስም ይጠራው ጀመር። በእነዚህ የመጀመሪያ ቀረጻዎች ላይ ሳልዲጌራና ቪሩሊያ የተባሉት ሁለት ድምፃውያን አንድ ላይ ሲዘፍኑ፣ ከበሮዎቹ ከሥር ምን ያህል ዝቅ ብለው እንደሚጠብቁ አስተውሉ። ኃይል የሌላቸው አይደሉም። ቦታ እየሰጡ ነው።

ሌላው የሩምባ ሸክላ ኒው ዮርክ ውስጥ በ1960ዎቹ መጨረሻ ለቨርቭ ኩባንያ የተሠራው የፓታቶና የቶቲኮ ነው። ካርሎስ ፓታቶ ቫልዴስ በኮንጋ፣ ኤውሄኒዮ ቶቲኮ አራንጎ በድምፅ። በሩምባ ላይ ያልተለመዱ ሁለት እንግዶች ተጨምረውበታል፤ አርሴኒዮ ሮድሪጌስ በትሬስ፣ ማለት በኩባው ባለሦስት ጥንድ ክር ጊታር፣ ካቻኦ ደግሞ በባስ። ሩምባ ከከበሮ ውጭ መሣሪያ አያስፈልገውም የሚሉ ሰዎች ይህን ሸክላ ሲሰሙ ይቸገራሉ፣ ምክንያቱም ሁለቱም እንግዶች ያዥ ሆነው ነው የገቡት። አርሴኒዮ የሚደጋግመው ትንሽ ነገር ነው፤ ካቻኦም እንዲሁ። ከበሮውን አልሸፈኑትም።

ፓታቶን ካነሣሁ ስለ ቅኝት ልናገር። ድሮ የኮንጋ ቆዳ በእንጨቱ ላይ በሚስማር ይመታ ነበር። ቆዳ እርጥበት ሲስብ ይላላል፣ ድምፁ ይወርዳል። ስለዚህ ከመጫወት በፊት በሻማ ወይም በተቃጠለ ወረቀት እሳት ያሞቁታል፤ ይጠብቃል፣ ድምፁ ይወጣል፣ ከጥቂት ዘፈን በኋላ ደግሞ ይወርዳል። ሃቫና የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ እርጥበቷን አስቡት። እሳቱ ከበዛ ወይም ወደ አንድ ቦታ ካደላ ቆዳው ይሰነጠቃል። በብሎን የሚጠብቀውን የብረት ቀለበት ካስፋፉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ሆኖ ስሙ የሚነሣው ፓታቶ ነው። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። የአንዱ ከበሮ ድምፅ ባለበት ሲቆይ ሁለትና ሦስት ከበሮ በአንድ ሰው እጅ ዜማ መሥራት ይችላሉ፤ ፓታቶም የሚታወቀው በዚህ ነው። የዛሬ ኮንጋ ቁመቱ 76 ሴንቲሜትር ያህል ሆኖ የአፉ ስፋት በኪንቶ 28፣ በመካከለኛው 30፣ በቱምባ 32 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ የድምፁ ርቀት ግን ብዙ ጊዜ በአራት የሙዚቃ ደረጃ ይቀናበራል።

አሁን ወደ ባታ። እስካሁን የተናገርኩት እዚህ ላይ ይገለበጣል።

ባታ ከምዕራብ አፍሪካው የዮሩባ ሕዝብ የመጡ የሃይማኖት ከበሮዎች ናቸው፤ በኩባ ሉኩሚ ወይም ሳንቴሪያ በሚባለው እምነት ውስጥ ይመታሉ። ሦስት ናቸው፤ ትልቁ ኢያ፣ መካከለኛው ኢቶቴሌ፣ ትንሹ ኦኮንኮሎ። እያንዳንዱ በጭን ላይ ተጋድሞ በሁለቱም በኩል ይመታል፤ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ከበሮ አንዱ አፉ ሰፊ ሌላው ጠባብ ነው። ስለዚህ ሦስት ሰው ስድስት የተለያየ ድምፅ አለው። ኢያ ከሁሉ ወፍራም ነው፣ ትናንሽ ቃጭሎችም ይታሰሩበታል። መሪው እሱ ነው። ኦኮንኮሎ ቀጭኑ ሲሆን ከሞላ ጎደል አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይደጋግማል። ኢቶቴሌ በመካከል ሆኖ ኢያ ሲጠራው ይመልሳል። በሩምባ የተለቀቀው ቀጭኑ ነበር፤ በባታ የተለቀቀው ወፍራሙ ነው። ሩምባ የለመደ ጆሮ ባታ ሲሰማ ቀጭኑን ይከተልና "አንድ ነገር ነው የሚደጋግሙት" ብሎ ይዘጋዋል። ጆሮአችሁን ወደ ታች አውርዱ። ኢያ ሲጠራ፣ ኢቶቴሌ ከስንት ምት በኋላ እንደመለሰ ቁጠሩ። ከአንዱ ስልት ወደ ሌላው ሲሻገሩ ጥሪውን የሚያወጣው ኢያ ነው፤ ሁለቱ ካልያዙት ስልቱ ይፈርሳል። ጥሪውን ለማወቅ ዓመታት የሚፈጀው ለዚህ ነው።

የተቀደሰ ባታ ያለ ሥርዓት አይመታም፣ ለማንም አይሰጥም። ፈርናንዶ ኦርቲስ የተባለው ኩባዊ ምሁር በ1936 ባታን ለሕዝብ በመድረክ ሲያሳይ ያልተቀደሱ ከበሮዎች የተሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። በሸክላ ላይ ከምንሰማው ብዙው ያልተቀደሰ ባታ ነው። ወደ ምንጩ ለሚቀርብ ሰው ሊዲያ ካብሬራና ሆሴፋ ታራፋ በ1950ዎቹ በሃቫናና በማታንሳስ ያስቀረጹት 14 ሸክላ አለ፤ ከእሱ የተመረጠው በኋላ በስሚዝሶኒያን ፎክዌይስ ወጥቷል። ጥራቱ ከስቱዲዮ ያንሳል፤ ሰው ያስላል፣ ዶሮ ይጮኻል ብላችሁ አትሽሹ። በስቱዲዮ ሦስት ደቂቃ ላይ የሚቆረጠው ስልት እዚያ ውስጥ እየተለወጠ ሲሄድ ይሰማል።

የኒው ዮርክን ክፍል በአጭሩ ላንሣ። ቻኖ ፖሶ በ1947 መጀመሪያ ከሃቫና ኒው ዮርክ ገባ፤ በዚያው ዓመት በከበሮና በዘፈን ብቻ የተሠሩ ባለ78 ዙር፣ ማለት በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩ ሸክላዎች ቀረጸ። ባለ10 ኢንች ሸክላ በአንድ ገጽ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዛል። በሩምባ ሦስት ደቂቃ መግቢያው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር ተጨምቆ፣ ኪንቶው ቀድሞ ተለቆ ይሰማል። በዓመቱ መጨረሻ ከጃዝ ጥሩምባ ነፊው ከዲዚ ጊሌስፒ ኦርኬስትራ ጋር "ማንቴካ"ን ቀረጸ። ቻኖ ኖታ አያነብም ነበር፤ የየመሣሪያውን ክፍል በአፉ እያዜመ ነው ያስያዘው። ዘፈኑ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ ሲደራረብ የምትሰሙት ያንን ነው። በ1948 ታኅሣሥ ሃርለም ውስጥ በጥይት ተገደለ።

ቲቶ ፑዌንቴ በ1950ዎቹ አጋማሽ ለቲኮ ኩባንያ ያለ ፒያኖና ያለ ትንፋሽ የሠራው የከበሮ ሸክላ ለጊዜው ድፍረት ነበር። እሱ በቲምባሌስ፣ ማለት በዱላ በሚመቱ ጥንድ የብረት ከበሮዎች፣ ሞንጎ ሳንታማሪያና ፓታቶ በኮንጋ፣ ዊሊ ቦቦም አብሯቸው፣ ቦቢ ሮድሪጌስ በባስ። ከዚያ በ1957 ለአርሲኤ ቪክተር የቀረጸው "ቶፕ ፐርከሽን" መጣ፤ ፍራንሲስኮ አጉዋቤያና ሁሊቶ ኮያሶም ተጨመሩበት። እነዚህ ሁለቱ ባታን ወደ አሜሪካ ካመጡት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። "ቲ ሞን ቦ" የሚለው ሥራ ስሙን ያገኘው ከሦስቱ ተጫዋቾች ስም መጀመሪያ ነው፤ ቲቶ፣ ሞንጎ፣ ቦቦ። እኔ በዚህ ሸክላ ላይ ሃይማኖታዊ ዘፈኖቹ ያሉበትን ገጽ እመርጣለሁ፤ ሌላው ገጽ የእጅ ብልኀት ነው፣ ይደንቃል፣ ግን ማን እንደያዘ ለማወቅ አንዳንዴ ይቸግራል።

ሞንጎ በ1959 በቀረጸው "ሞንጎ" በተሰኘው የፋንታሲ ኩባንያ ሸክላ ላይ "አፍሮ ብሉ" አለ። በኋላ ጆን ኮልትሬን ስለተጫወተው ብዙ ሰው የጃዝ ዜማ ብቻ ይመስለዋል። በሞንጎው ቀረጻ ዜማው ከሥሩ ካለው ከበሮ ጋር ሦስት በሁለት ላይ ሆኖ ነው የሚቆመው። እግራችሁን በሁለት ምቱ፣ ዜማውን በሦስት ቁጠሩ። ዜማው የተሠራው ከዚያ ልዩነት ነው።

ያልወደድኩትንም ልናገር። በ1957 አርት ብሌኪ ለብሉ ኖት የጃዝ ድራመሮችንና የላቲን ከበሮ መቺዎችን አንድ ላይ ሰብስቦ "ኦርጂ ኢን ሪዝም" የተባለ ሥራ ቀረጸ። ስም ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ሳቡ ማርቲኔስና ፓታቶም አሉበት። ግን ለመለቀቅ የመጣው ሰው በዛ፣ የሚይዝ አነሰ። የጃዝ ድራም ሲምባል ሦስት ሦስት ወደሚል ስዊንግ ይጎትታል፤ ኮንጋው ቀጥ ያለ እኩል ትርታ ይፈልጋል። ሁለቱ ካልተስማሙ ሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል። በዚያው ዓመት ሳቡ ማርቲኔስ ከአርሴኒዮ ሮድሪጌስና ከወንድሞቹ ጋር ለዚሁ ኩባንያ የሠራውን "ፓሎ ኮንጎ" አጠገቡ አስቀምጡና አወዳድሩ። ሰው ያነሰበት ይበልጥ የሞላ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የሃቫናውን ካቻኦ መዝለል አይቻልም። በ1957 በፓናርት ስቱዲዮ የተቀረጹት አጫጭር ደስካርጋዎች፣ ማለት ያለ ተጻፈ ኖታ፣ በዚያው እየፈጠሩ የሚጫወቷቸው ሥራዎች፣ የተሠሩት ሙዚቀኞቹ የሌሊት ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ንጋት ሲመጡ ነው። ታታ ጉዊኔስ በኮንጋ፣ ጊዬርሞ ባሬቶ በቲምባሌስ፣ ዬዮ ኢግሌሲያስ በቦንጎ፣ ማለት በትናንሾቹ ጥንድ ከበሮዎች፣ ጉስታቮ ታማዮ በጉዊሮ፣ ማለት እየተፋቀ በሚጮኸው ቅል። ከበሮ ብቻውን ሸክላውን የያዘበት ሥራ አይደለም፣ ትንፋሽም አለበት፤ ያመጣሁት የኮንጋን የተለመደ ምት በንጹሕ ስለሚያሰማ ነው። ቱምባኦ ይባላል፤ ስምንት ምት አለው። ግራ እጅ ተረከዙን፣ ግራ ጣቱን፤ ቀኝ በጥፊ ይመታል፤ ግራ ጣት፤ እንደገና ግራ ተረከዝ፣ ግራ ጣት፤ በመጨረሻ ቀኝ ሁለት ክፍት ምት። ጎልተው የሚሰሙት ጥፊዋና ሁለቱ ክፍት ምቶች ብቻ ናቸው፤ የግራው እጅ ሥራ ከሞላ ጎደል ለራሱ ለመቺው ነው። ጀማሪ ግን የመጀመሪያዋን ምት ያጠነክራል፤ ለማርሽ የለመደ እጅ ነውና። ያን ጊዜ ባሱ ይጋጭበታል፤ የኩባ ባስ ብዙ ጊዜ የዙሩን አንደኛ ምት ዘሎት ቀድሞ ነው የሚገባው። የታታ ጉዊኔስን እጅ ለመለየት ጥፍሩን ፈልጉ፤ ቆዳውን በጥፍር እያስጮኸ ይጫወት ነበር።

እነዚህ ቀረጻዎች ለምን እንዲህ ይሰማሉ? አብዛኞቹ ሞኖ፣ ማለት ባለ አንድ የድምፅ መስመር ናቸው፤ በጥቂት ማይክሮፎን፣ ሁሉም በአንድ ክፍል ውስጥ ሆነው፣ በአንድ ጊዜ። የድምፁን መጠን የሚያስተካክለው ማሽን ሳይሆን ከማይክሮፎኑ ያለው ርቀት ነበር። ክላቬ ወደ ኋላ ቢርቅም ሰንጥቆ ይገባል፤ ስለዚህ ይርቃል። ድምፃዊው ይቀርባል። ሁሉም በሁሉም ማይክሮፎን ውስጥ ስለሚገባ አንዱ ቢሳሳት ቆርጦ መተካት አይቻልም፤ እንደገና ሁሉም ይጫወታሉ። ዛሬ እያንዳንዱ ለየብቻ፣ በጆሮው የማሽን ቆጠራ እየሰማ ይቀረጻል። ንጹሕ ነው። ግን ሩምባ በባሕርይው ተቀባዮቹ ሲገቡ ትንሽ ይፈጥናል፤ ማሽኑ ይህን አይፈቅድም። መሞከር የሚፈልግ፣ ከአንድ የድሮ ጉዋጉዋንኮ መጀመሪያ ላይ በ30 ሰከንድ ስንት የክላቬ ዙር እንዳለ ይቁጠር፤ ከመጨረሻው ላይም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ አንድ አይሆንም።

ኪንቶውም በ16 ትርታና በ12 ትርታ መካከል ይሄዳል፤ በኖታ ሲጻፍ ወይ እዚህ ወይ እዚያ መሆን አለበት፣ እጁ ግን ሁለቱም ላይ አይቀመጥም። ከኖታ ብቻ የተማረ ሰው ምቱ ትክክል ሆኖ ደረቅ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከታዳሚው የተነሡ ጥያቄዎች

ሙላቱ አስታጥቄ ከዚህ ሙዚቃ ጋር ምን ያገናኘዋል? ቀጥተኛ ግንኙነት አለው። በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ በኢትዮጵያን ኩዊንቴት ስም ሁለት የአፍሮ ላቲን ሶል ሸክላዎችን አውጥቷል። ቫይብራፎኑን ትታችሁ ከሥሩ ያለውን ኮንጋ ተከተሉ፤ አሁን የተናገርኩትን ያዥ ታገኙታላችሁ። የእኛን ቅኝት ያስቀመጠው በዚያ ላይ ነው።

አንድ ሰው ብቻውን ሦስት ኮንጋ ሲመታ አይተናል፤ ያ ሩምባ አይደለም? ለአንድ ሰው ይህ ትልቅ ችሎታ ነው። ግን በሩምባ ያዡና የተለቀቀው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ስለሆኑ እርስ በርስ ሊገራረሙ ይችላሉ። አንድ ሰው ራሱን አያስገርምም።

የድሮ ሸክላ ቤት ውስጥ አለ፣ ቆሻሻ ነው፣ ምን ላድርግ? መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ። ባለ78 ዙሩ ከባዱና የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ከሸላክ የተሠራ ነው፤ አልኮል ሸላክን ስለሚያሟሟ በአልኮል ከጠረጋችሁት ገጹ ይበላሻል። በትንሽ ለስላሳ ሳሙናና በንጹሕ ውኃ፣ ወረቀቱን ሳታርሱ፣ በመስመሩ አቅጣጫ ጥረጉ። ባለ78 ዙር ሸክላ 3 ሺህኛ ኢንች የሚያህል ወፍራም መርፌ ይፈልጋል። ለባለ33 ዙር የተሠራው መርፌ 1 ሺህኛ ኢንች ወይም ከዚያ በታች ነው፤ በሰፊው መስመር ታች ወርዶ ቆሻሻውን ይጎትታል፤ የምትሰሙት ጩኸት ብዙ ጊዜ የሸክላው ሳይሆን የመርፌው ጥፋት ነው።

ሸክላ የለኝም፣ በስልክ ነው የምሰማው። የስልክ ድምፅ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ ያስቀረዋል፤ ባታ ላይ ይህ ማለት መሪውን ኢያን ማጥፋት ነው። ቢያንስ በጆሮ ማዳመጫ ስሙ። በድጋሚ ከወጡት ውስጥ ሞኖ ያለውን ምረጡ። ስቴሪዮ ከመጣ በኋላ አንዳንድ ኩባንያዎች የድሮውን ሞኖ በግድ ለሁለት ከፍለው፣ ቀጭኑን ድምፅ በአንድ ጆሮ ወፍራሙን በሌላው አድርገው፣ ማሚቶ ጨምረውበት አውጥተዋል። የአንዱ ኮንጋ ጥፊ በግራ፣ ሆዱ በቀኝ ይሰማል፤ አንድ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል፣ ማን እንደያዘ መለየትም ያስቸግራል። ጩኸቱ በጣም ተጠርጎ የወጣውንም ተጠንቀቁ። ሽሽ የሚለው የሸክላ ጩኸት ያለበት የድምፅ ክፍል ማራካስ የሚባሉት የሚንሿሹ ቅሎችና የቆዳው ጥፊ ያሉበት ነው፤ አንዱን ሲያወጡ ሌላውም ይወጣል። ሁለት እትም ካገኛችሁ ማራካሱ የሚሰማበትን ውሰዱ።